የተጀመረ ጨርቅ

«ስበረው እኮ ነው የምልህ! ምን ትለማመጠዋለህ? መኪናው ደጅ ቆሟል» አሉ የፋብሪካው ባለቤት ሐጂ ሊያቃት።

ዙልፊቃር መዶሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የሽመና ማሽኑን አየው። አብረው ነው ያረጁት። መብራት ተወዶ ፋብሪካዎቹ ስለተዘጉ፣ የሽመና ከተማዋ የፋይሳላባድ ማሽኖች ዛሬ የሚፈለጉት ለብረታቸው ብቻ ነው፤ ያውም የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ተሰባብረው ካልመጡ አልጭንም ይላል። ሌሎቹን ሲያደቅ ውሏል፤ የቀረው እሱ ሲሠራበት የኖረው ነው። እሱን ሲጨርስ የቀን ሂሳቡን ይቀበላል። እቤት የዱቄቱ ጣሳ ባዶ ነው፤ ሚስቱ ናስሪን ሁለቴ ደውላለች።

«ሐጂ፣ ጨርቅ አለበት። ትንሽ ነው የቀረው። በእጄ አዙሬ ልጨርሰውና እሰብርልዎታለሁ።»

በሸማኔዎቹ ዘንድ የተጀመረ ጨርቅ መሀል ላይ አይቆረጥም። ዙልፊቃር አባቱ የሞቱ ቀን እንኳ የያዘውን ጨርሶ ነበር ወደ ቀብር የሮጠው።

«ጊዜ የለም! መብራቱን ያስወደድኩት እኔ ነኝ እንዴ? የውጭ አበዳሪዎቹ የመብራት ድጎማው ይነሳ አሉ፣ መንግሥት እሺ አለ። ምን ላድርግ?»

«እሺ ሲሉ ማን ጠየቀን? ደግሞ ማሻሻያ ይሉታል! የእርስዎ ቪላ ጣሪያው ሙሉ ሶላር ነው። ለእኛ ነው የጨለመው።»

«ምላስህ ረዘመ!»

ዙልፊቃር የማሽኑን ትልቅ የብረት ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ማዞር ጀመረ። በመብራት ሲበር የኖረው መወርወሪያ አሁን እየተንፏቀቀ ከዳር ዳር ሄደ። ትከሻው ነደደ፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ቢሆንም ጨርቁ ጣት በጣት እያደገ መጣ።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከመስኮቱ ጠርዝ መቀስ አንስተው መጡና ጨርቁን ከነክሩ ቆረጡት።

«ይኸው፣ አለቀ! በል ስበር።»

ዙልፊቃር እጁ ጎማው ላይ እንዳለ ቀረ። ሩቅ አገር ተቀምጠው በሱ እንጀራ ላይ በፈረሙት ሰዎች ተናደደ፤ እሺ ባሏቸው ተናደደ፤ ከሁሉም በላይ ግን መቀስ ይዘው ፊቱ በቆሙት ሰውዬ ደሙ ፈላ። መዶሻውን አንስቶ ሲመጣ ሐጂ ወደኋላ አፈገፈጉ።

እጀታውን አዙሮ ሰጣቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? ሂሳቤን አልፈልግም ነው የምትለው?»

«ጨርቁን እርስዎ ቆረጡት። ማሽኑንም እርስዎ ይስበሩት።»

የሚሠራበትን በርጩማ ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ፤ አላነሳውም።

«በሉ ይምቱ» አላቸው። «የመጀመሪያውን ሳይመቱ የትም አልሄድም።»