ሃያ ዝምተኛ ጥይት

ልጄ ፈክረዲን ሜስኪት የሚባል ከተማ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ጥይት መሥራት ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ባዶ ቀለህ፣ ባሩድና ከጫፉ የሚገባውን አረር ለየብቻ ይገዛና በእጅ በምትጫን ማሽን ይገጥማቸዋል። ልብስ ማጠቢያው እዚያው ስለሆነ በቀን አራት አምስት ጊዜ አልፋለሁ፤ ባለፍኩ ቁጥር ቢስሚላህ እላለሁ። ማድረቂያው ይሞቃል። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ቤት ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ አለች፣ የልጅ ልጄ ሁመይራ። ይህን ስነግረው፣ "እማ፣ ባሩዱ ተቆልፎበታል" ይለኛል። የተቆለፈ ነገር አይከፈትም ያለው ማነው?

ነገሩን ያመጣው የዱር አሳማ ነው። ፈክረዲንና ጓደኛው ካሊድ ከቴረል ከተማ ወዲያ መሬት ተከራይተው ለዒድ የሚታረዱ ፍየሎች ያረባሉ። ሁለቱም ኤርፖርት ካርጎ ነው የሚሠሩት፤ ቅዳሜ ሲሆን ፍየሎቹ ዘንድ ይውላሉ። ዘንድሮ አሳማ አጥር እየፈነቀለ ገብቶ፣ ገና እግራቸው ያልጸና ግልገሎችን በላባቸው። መስጊድ ውስጥ ሰዉ ይቀልድበታል፤ "ለማይበላው ሥጋ እንዲህ የሚደክም ሰው አየን" ይሉታል። ጎረቤታቸው ደግሞ ፈረስ የሚያረባ ሽማግሌ ነው፤ የተኩስ ድምፅ ፈረሶቼን ያስደነብርብኛል ብሎ ለመናቸው። ዝምተኛ ጥይት የተፈለገው ለዚያ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሁለት አረር መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ።

"ይቺ ሹሏ ለፈጣን ጥይት ነው የተሠራችው። ጥይት ከድምፅ ከፈጠነ አየሩን ሲሰነጥቅ ይጮኻል፤ የጠመንጃው ድምፅ ማፈኛ ያን ጩኸት አይዘውም፤ ሶ እኔ የምሠራው ከድምፅ የሚዘገይ ነው። ግን ይቺ ቀስ ብላ ከሄደች እንደ ወስፌ ወግታ ታልፋለች፣ አሳማው ቆስሎ ይሮጣል። ይቺኛዋ ከባድ ናት፣ አፏም ሰፊ ነው። እሷን ነው የመረጥኩት።"

ሌላም ሊለኝ ሲል ካሊድ ኮል አደረገለትና ወጣ። በጆሮዬ የቀረው "ቆስሎ ይሮጣል" የሚለው ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ወረኢሉ ውስጥ የቆሰለ ከርከሮ የአጎቴን ጭን ሲቀድደው አይቻለሁ። ከቆሰለ አይሸሽም፤ ይመለሳል። አጎቴ እስኪሞት ያን እግሩን እየጎተተ ኖረ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሃያ ጥይት ሠርቶ ጨረሰና ወደ ሥራ ሄደ። ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ጥይቱን የሚቆልፍበት ሳጥን ቁልፍ እጄ ገባ። ከፈትኩት። ሃያዎቹ በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ አፋቸውን ወደ ታች ደፍተው ተደርድረዋል። አንዱን አውጥቼ ገለበጥኩት። አናቱ ላይ ሽንብራ የማይሞላ ጥቁር ጉድጓድ አለው። ክፉ ዓይን የሚገባው፣ ሸይጧን የሚያድረው እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ነው እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ።

ጥቁር አዝሙድ በማር ለወስኩ። ለጉሮሮ፣ ለወላድ፣ ለሕፃን እምብርት፣ ያላደረግሁበት የለም፤ አሳፍሮኝም አያውቅ። ከቁርኣን ፈለቅና ናስን እየቀራሁ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ እያነሳሁ፣ የሃያዎቹንም አፍ ሞላሁ። ጫፋቸውን ጠርጌ እንደነበሩ ደፋኋቸው። ቁልፉን መለስኩ። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ።

ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ፈክረዲን ሄደ። ሁመይራ ቁርኣን ቤት ናት። ዐስር ከሰገድኩ በኋላ ምራቴ ዘይቱና ልብስ ከማድረቂያው ስታወጣ አብሬያት ቆምኩ። መደርደሪያው ላይ ከዚህ በፊት ያላየኋቸው አራት የተተኮሱ አረሮች አሉ። ሦስቱ እንደ አበባ ፈክተዋል። አራተኛው እንዳለ ነው።

"ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"ውሃ በሞላ ጀሪካን ላይ ሲሞክር ነው እማማ። ባለፈው ያን አንዱን መሬት ላይ ጥሎት አፉ ጭቃ ገብቶበት ነበር። አልተከፈተም። አፉ ባዶ ከሆነ ሥጋ ሲነካ ይበረገዳል፤ ከተደፈነ ግን ወግቶ ያልፋል። እሱ ሲመርጥ የከረመው ያንን ቀዳዳ ነው።"

ልብሱ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማማ? ስኳርዎ ወረደ?"

ምራት ፊት እንዲህ ያለ ነገር መናገር ሞት ነው። ተናገርኩ። ዘይቱና ማድረቂያውን ዘጋች።

"ሃያውንም?"

"ሃያውንም።"

"ጫማዎን ያድርጉ" አለችኝ።

መንገድ ላይ ለፈክረዲን አሥር ጊዜ ደወልን። አሳማ ሲጠብቅ ስልኩን ያጠፋል። ካሊድን በስልክ አገኘነው፤ ቴረል ገብቶ የፍየል መኖ እየገዛ ነው። ፈክረዲን ብቻውን ነው ማለት ነው። ዘይቱና ለካሊድ "ቶሎ ሂድ፣ የራስህን ጠመንጃ ይዘህ" አለችው፤ ምክንያቱን አልነገረችውም። እኔ በመስኮት ጆሮዬን እጥላለሁ። ተኩስ ብሰማ ተኩሷል እላለሁ፤ ባልሰማ ገና ነው ማለት እንኳ አልችልም። ያ ጥይት የተሠራው እንዳይሰማ ነው። ልጄ አሁን ተኩሶ፣ አሁን መሬት ላይ ወድቆ ይሆናል፤ አገሩ ግን ጸጥ ብሏል።

የፍየሎቹ አጥር በር ጋ ስንደርስ ዘይቱና ጥሩንባውን ተጭና ያዘችው። ፈረሶቹ ከወዲያ ማዶ ሮጡ። ፈክረዲን ከሣር ክምር ጀርባ ጠመንጃውን ይዞ ብቅ አለ፤ ፊቱ ቀልቷል።

"ምን ሆናችኋል? የሰውየውን ፈረሶች አስደነበራችሁ እኮ። አንዷን አሳማ መትቼ ልከተላት ነበር።"

"ወደቀች?" አለችው ዘይቱና።

"አልወደቀችም። ትከሻዋን ነው ያልኳት፣ ዞራ እንኳ አላየችኝም። ቁጥቋጦው ውስጥ ናት።"

እጅጌውን ያዝኩት። "አትግባ።"

"እማ፣ ቆስላ ማደር የለባትም። አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ የአላህ ፍጥረት አይሰቃይም ብለሽ ያሳደግሽኝ?"

"አፋቸውን ደፍኛቸዋለሁ" አልኩት። "ጥይቶችህን። ጥቁር አዝሙድ በማር።"

አንዱን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አዞረው። አሸተተው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ጠመንጃውን ከጥይት አራግፎ መኪናው ላይ አስተኛው፤ ማር የነካው ነገር ተመልሶ አይገባበትም አለ። ካሊድን ጠበቅን። ቁጥቋጦው ውስጥ የሆነ ነገር ይተነፍሳል፤ ከቆምንበት ይሰማል።

ካሊድ መጣ፤ ትልቁን ጠመንጃ እሱ ያዘ፣ ፈክረዲን ገጀራ ይዞ ከጎኑ ገባ። እኔና ዘይቱና መኪና ውስጥ ነን። እጄን ያዘችኝ፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ቅርንጫፍ ተሰበረ። ካሊድ ጮኸ። ተኩሱ ምድሩን አናወጠው፤ ቀጥሎ ሁለተኛ። ከዚያ ምንም። ስንቴ "ያ ላጢፍ" እንዳልኩ አላውቅም።

መጀመሪያ የወጣው ፈክረዲን ነው። የግራ ሱሪው ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተቀዷል። ካሊድ ከኋላው እየሳቀም እያላበውም ይመጣል።

"መጣችብን እኮ፣ እንደ ባቡር፤ በሁለተኛው ነው የጣልኳት። ፈክሩ፣ ሦስት ወር ሙሉ አረር መርጠህ፣ ዩቲዩብ አይተህ፣ ውሃ ተኩሰህ፣ የመረጥከው ይሄን ነው? በጁምዓ ለመስጊዱ ጀማ ሁሉ ባልናገር።"

"ምርጫዬ ነው የተበላሸው" አለ ፈክረዲን። ወደ እኔ አላየም።

"የኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ ላይ ጎል አግቢ የምትመርጠውም እንዲሁ ነበር።"

"ምርጫው ደህና ነበር" አልኩ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ ካሊድ። ጀማው ይህንን ይስማ።"

ካሊድ ሳቁን አቆመ። ፈክረዲንን አየ፣ የተቀደደውን ሱሪ አየ፣ እኔን አየ።

እኔ መሬቱ ላይ ቁጢጥ ብዬ በቀዳዳው እጄን አስገብቼ የልጄን ቅልጥም እዳብስ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞ ከታች እስከ ላይ። ደም የለም። ጭረት ነው።

"እማ፣ ልቀቂኝ። መግሪብ ደርሷል።"

ሰምቼዋለሁ። እንደገና ከጉልበቱ ጀመርኩ።