ለቅሶ ቤት የጮኸው ስልክ

ቤዲያኮ ስልኩ ላይ የምስጢር ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ነካክቶ ለለቅሶው መዋጮ ሦስት መቶ የጋና ሲዲ ላከና ኮሌታውን አስተካከለ። ዛሬ ማምፖንግ ከተማ ስሙን ትሰማለች። ሊያገባት የፈለጋት የሰርዋ አክስት፣ እማማ ፖክዋ፣ «በወንድሜ ለቅሶ ስሙ በማጉያ ሲጠራ ካልሰማሁ ልጅቷን አልሰጠውም» ብለው ቆርጠዋል።

ማጉያውም ማጉያ ነው። የሦስት መንደር ዶሮ እንቁላል መጣል አቁሟል፤ ሟቹ ራሳቸው ተነሥተው «ቀንሱልኝ» እንዳይሉ ተፈርቷል።

አስተዋዋቂው አፒያ መዋጮ የሚገባበትን ስልክ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስት መቶ ሲዲ፣ ከወይዘሮ አኮስዋ ዱፊ። እግዜር ይስጥልን።»

ቤዲያኮን ላብ አጠመቀው። ስልክ ሁሉ በመታወቂያ ይመዝገብ የተባለ ጊዜ ሰልፍ አልወድም ብሎ ቀረ፤ ያኔ ሚስቱ የነበረችው ዱፊ በራሷ መታወቂያ አስመዘገበችለት። ትዳሩ ፈረሰ፤ ምዝገባው አልፈረሰም።

ሰርዋ ጥቁርና ቀይ የለቅሶ ልብሷን ሰብስባ አጠገቡ ቆመች። «ዱፊ ማለት ያቺ የድሮዋ?»

«ስም ይመሳሰላል።»

«ያንተስ የታለ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«በስልክ የተላከም ጎማ ይፈነዳበታል? አንተ ሹፌር።»

ቤተሰቡ ሰጪዋን እጅ ነስቶ ሊያመሰግን ተሰልፎ ድንኳኑን ዞረ። ዱፊ የለችም።

«እንግዲያው ደውልላት» አሉ እማማ ፖክዋ አፒያን። «በማጉያው እናመስግናት።»

አፒያ ደወለ። የቤዲያኮ ደረት ኪስ ጮኸ። የጫነበት ጥሪ የሚኒባስ ጥሩምባ ስለነበር ሁለት ሽማግሌዎች ዞር ብለው መንገድ ለቀቁ። ሕዝቡ በሙሉ ኪሱን ያየው ጀመር። ሊያጠፋው እጁን ሰደደ፤ ሰርዋን አየና አነሣው።

«ሄሎ፣ እትዬ ዱፊ?» አለ አፒያ።

«ቤዲያኮ ነኝ።» ድምፁ በማጉያው ዞሮ መልሶ ራሱን አስደነገጠው። «ሰልፍ ስለምጠላ ቁጥሩን ያስመዘገበችልኝ እሷ ናት። የላክሁት ግን እኔ ነኝ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሬሳ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ተደጋገፉ። እማማ ፖክዋ አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። «በማጉያ ስሙን ልስማ አልኩ እንጂ፣ እስከነጉዱ ልስማ መች አልኩ» አሉ። «ይሁን፣ ሰምቻለሁ።»

ሰርዋ ግን አልሳቀችም። «በእኔ መታወቂያ ላዛውርልህ? ሰልፉን እኔ እቆምልሃለሁ።»

ቤዲያኮ አፉን ለእሺ ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። «አይ። ሰኞ ራሴ እሰለፋለሁ።»

«እንግዲያው ሲም ካርዱ እኔ ጋ ይቆይ። ሰልፉ ላይ ካገኘሁህ እመልስልሃለሁ።» ከጆሮዋ ጉትቻዋን ፈታ ሰጠችው።

ቤዲያኮ በጉትቻዋ ጫፍ የስልኩን የሲም ቀዳዳ ወጋ አድርጎ ካርዱን አወጣና መዳፏ ላይ አኖረው።