ላይና ታች የሌለው ሳሎን

ዱባይ ሰድር እየተሸከምኩ ስኖር ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ እኔም አንዳንዴ እየተናገርኩት አላምነውም። አንድ ፎቅ ነበር፣ ከመርዘሙ የተነሳ ከታች የጠሩት ሰው ላይ ሆኖ የሚሰማው በማግስቱ ነው። «አቤት!» ሲል ደግሞ የጠራው ሰው ሥራ ለቆ ሄዷል። የሕንፃ ፍቅር የያዘኝ ያኔ ነው። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል፤ ስለ መስታወት፣ ስለ ነጭ ግድግዳና ስለ ክፍት ሳሎን ግን ስልኬ ላይ ያላየሁት የለም። በረሃ ላይ የመስታወት ቤት ሠርቶ፣ ፀሐይን አስገብቶ፣ ከዚያ በማቀዝቀዣ ማባረር ምን ይባላል? እኔ እንጃ፤ ሲያዩት ግን ያምራል።

ሐረር ስመለስ ጀጎል ውስጥ ያለው ቤታችን ትቼው እንደሄድኩት ቆየኝ። ሲገቡ አንዱ ከአንዱ ከፍ ከፍ እያለ የተሠራ፣ በቀይ አፈር የተቀባ መደብ፤ እኛ ነደባ እንለዋለን። ግድግዳው ላይ ሰሃን፣ ከሰሃኑ አጠገብ ስፌት፣ ከስፌቱ አጠገብ ሌላ ሰሃን።

«እማ፣ ይሄ ግድግዳ ትንሽ መተንፈስ አለበት» አልኳት እናቴን።

«አስም ያዘው እንዴ?» አለችኝ።

እሷ ድሬዳዋ ያለች እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ሥራዬን ጀመርኩ። ነደባውን አላፈረስኩም፤ እሱን ብነካ ከቅርስ ጥበቃ ሰዎች በፊት አያቶቼ ከመቃብር ተነስተው ይደርሱብኝ ነበር። ዝቅ ያለውን በጣውላ ከፍ አደረግኩና ሁሉንም እኩል አድርጌ ግራጫ ምንጣፍ አነጠፍኩበት። ሰሃኑና ስፌቱ ካርቶን ገባ። ግድግዳው ነጭ ሆነ። መሐል ላይ ከድሬ ያስጫንኩት ባለ ማዕዘን ሶፋ ብቻውን ተንሰራፋ።

ሶፋው ቤት የገባው በመከራ ነው። ጠባቡ መንገድ ላይ ተወትፎ ግማሽ ቀን ዋለ። ከጊደር መጋላ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች በላዩ ተሻግረው አለፉ። አንዷማ ዘንቢሏን አስቀምጣ ጋደም ስትል እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ ሰፈሩ ዞሮባት «አቦከር ነው ያለሁት?» ብላ ጠየቀች። ወላሂ አልጨመርኩም። ብጨምርም ዘንቢሏን ብቻ ነው።

እማ ስትመለስ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ጎረቤታችን ኸዲጃ ከኋላዋ አንገቷን አስግጋ አየችና ደረቷን መታች።

«አብሽሪ ሐሊማ፣ ዋናው ጤና ነው! ምን ምን ወሰዱብሽ?»

«ልጄ ነው» አለች እማ።

«ልጅሽንም ወሰዱት?»

«የወሰደው ልጄ ነው!»

ልንገራችሁ ብዬ ሁለቱንም ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው። ቤት ባዶ ሆኖ ርካሽ ከሆነ ድህነት ነው፣ ባዶ ሆኖ ውድ ከሆነ ግን ዲዛይን ይባላል አልኳቸው። ኸዲጃ ከልቧ አዘነችልኝ። እማ ግን ሁሉንም እንደነበረ ካልመለስክ አለች። እመልሳለሁ ብዬ ሳልጨርስ መልእክት መጣ፤ ነገ ከጁምዓ ሰላት በኋላ የአብዱልፈታ ሽማግሎች እህቴን ነጂባን ሊጠይቁ ይመጣሉ።

አብዱልፈታ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ነጂባ ስሙ ሲነሳ ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞርለት ሰው ነው። ለእሱ የሚናገሩለት ግን አጎቱ ሐጂ ሳኒ ናቸው፤ ችግሩም ይሄ ነው። ሐጂ ሳኒ አንዴ የአክስታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ከታናሻቸው በታች ስላስቀመጧቸው ምግብ ሳይቀምሱ ወጥተዋል። የወጡበትን ቤት ደግሞ ዳግም አይረግጡም። ይሄን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ነጂባ ሳሎኑን ዞራ አየችና ጃኬቴን ያዘችኝ። «ስማ ሀሚድ፣ እኚህ ሰውዬ ሳይቀመጡ ከወጡ እዚሁ ሶፋ ሥር ነው የምቀብርህ።»

«ሰው ሶፋ አይቶ አይቀመጥም እንዴ?» አልኳት።

በማግስቱ ሐጂ ሳኒ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው መጡ። በእኛ በኩል፣ አባታችን ከሞቱ ወዲህ የሚቆሙልን የእናቴ ወንድም አጎቴ ዓብዱላሂ ነበሩ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ገቡ። ገብተውም ቆሙ።

በድሮው ሳሎን ማን የት ይቀመጥ ተብሎ አይጠየቅም፤ እግር ራሱ ያውቀዋል። ታላቅ ወደ ላይኛው መደብ፣ ተከታዩ ከሥሩ፣ እንደኔ ያለው በሩ አጠገብ። አሁን ግን እግራቸው ግራ ገባው።

«ሐጂ፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉ አጎቴ።

«እርስዎ ባለቤት ነዎት፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ በአላህ፣ እርስዎ እያሉ!»

«ልቀመጥማ፣ ግን ላዩ የት ነው?» አሉ ሐጂ ዞር ዞር እያሉ።

«ሐጂ፣ ይሄ ዘመናዊ ሳሎን ነው» አልኩ ፈጠን ብዬ። «ላይም ታችም የለውም፤ ሁሉም እኩል ነው።»

«እኩል ከሆነ ታዲያ ሰው ሲገባ ለማን ነው የምነሳው?»

 ዱባይ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንዱ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ጎንበስ አሉና ሌሎቹ ሲያዩአቸው ተመልሰው ቀጥ አሉ። አምስት ሰው በነጭ ግድግዳ መሐል፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ። የጓዳው በር ስንጥቅ ላይ የነጂባ አንድ ዓይን ይታየኛል፤ አልወደድኩትም። ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጫማቸው ወዳለበት አዩ።

ጫማ ማየት ሲጀምሩ ምላሴ እንደ ልማዷ ቀደመችኝ።

«ሐጂ! ማዕዘኑ ነው ላዩ! ዱባይ የሼኮቹ ሼክ የሚቀመጡት ማዕዘን ላይ ነው። ሌላ ሰው ከተቀመጠበት እንዲያውም ይታሰራል።»

አጎቴ በዓይናቸው ወጉኝ። ሐጂ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቢስሚላሂ» ብለው ማዕዘኑ ላይ ተቀመጡ።

ተቀመጡ አልኩ እንጂ ገቡ ማለት ይሻላል። ያ ማዕዘን ለፎቶ ነው የተሠራው፤ ስፖንጁ አንድ ሰው ሲቀመጥበት እንደ ሊጥ ይውጣል። የሐጂ ጉልበት ከጢማቸው እኩል ሆነ። ሌሎቹ ጫፍ ጫፉ ላይ፣ ጠንካራው ጋ ተቀመጡ፤ እናም ሁሉም ከሐጂ በላይ ሆኑ። ሐጂ ወደ ቀኝ ቀና ብለው አዩ፣ ወደ ግራ ቀና ብለው አዩ።

«ሽቅብ ነው እንዴ የማናግራችሁ?» አሉ ቀልተው። «እኔን ጉድጓድ ውስጥ! በቃ፣ ይሄ ነገር እዚህ ላይ ያብቃ። ልሄድ ነው።»

ከጓዳ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

ሐጂ ሊነሱ ቀኝ እጃቸውን ተደገፉ፤ እጃቸውም ሰመጠ። ግራውን ሞከሩ፤ እሱም ተከተለ። ወዘወዙት፣ ባሰ። እርዱኝ እንዳይሉ ሐጂ ሳኒ ናቸው፤ ጎትተን እንዳናወጣቸው ሐጂ ሳኒ ናቸው። ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያ እያየን ተቀመጥን።

አጎቴ ዓብዱላሂ በዚህ መሐል ተረጋግተው እግራቸውን አጣጠፉ። «መሄዱ ይደርሳል፣ ሐጂ። እስኪነሱ ድረስ ግን፣ ልጁ እንዴት ያለ ነው? አስተማሪ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሰነፍ ነው የሚሉም አሉ።»

«ማን ነው ሰነፍ ያለው?» አሉ ሐጂ ከውስጥ። «በሰፈሩ እንደሱ ያለ ልጅ ካለ ያሳዩኝ!»

«ለእናቱ አይታዘዝም አሉ።»

«ውሸት! እናቱን በእጁ አጉርሶ ነው ያስታመማት!»

«እንዲህ ከሆነማ እዚያው እናንተ ሰፈር አትድሩትም?»

«እሷን ካልሆነ እምቢ አለ እኮ! አንድ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን በላኝ! ነጂባ፣ ነጂባ፣ ነጂባ! እኔ ደግሞ የሚወዳትን ልጅ ሳልጠይቅለት ምን ብዬ ቤት እገባለሁ?»

ይሄን ሲሉ የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ መሰለኝ። ጢማቸውን በጉልበታቸው መሐል ዳበሱ።

«እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጠየቅኩ ማለት ነው።»

«ሰጠን» አሉ አጎቴ። «ፋቲሃ!»

ሐጂ እንደሰመጡ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁላችንም ዘረጋን፤ ዱዓው ሲያልቅ እማ ከጓዳ እልል አለች። ከዚያ በኋላ ዘመድ ስለሆንን መጎተቱም አላሳፈረም። ሁለቱ ወገን አራት እጅ ሆኖ ሳባቸው፤ ሲወጡ ጠርሙስ የተከፈተ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ማንም አልሳቀም። ማለቴ፣ ፊት ለፊት ማንም አልሳቀም።

ስሸኛቸው ሐጂ በሩ ላይ ሌሎቹን አሳለፉና ክንዴን ያዙኝ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«የሠርጉን ነገር የምንጨርሰው እኔ ቤት ነው» አሉ በሹክሹክታ። «አጎትህ ክርክር ላይ እንዴት ናቸው?»

«ሲናደዱ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ሐጂ።»

«እንደሱ ከሆነ ያን ማዕዘንህን ለአንድ ቀን አውሰኝ።»

«ሐጂ፣ አጎቴ ናቸው እኮ!»

«እኔስ ዛሬ ስሰምጥ የማን አጎት ነበርኩ?» አሉና ጫማቸውን ሊያደርጉ ጎንበስ አሉ።