ስለ ዋና ስምንት ገጽ

የኮሌጃችን መዋኛ ገንዳ ርዝመቱ ሃያ አምስት ያርድ ነበር። ከ1926 ጀምሮ ማንም ተማሪ ገንዳውን ሳያርፍ ደርሶ መልስ ካልዋኘ ዲግሪ አይሰጠውም። እንዴት እንደሚዋኝ ደንቡ አይጠይቅም፤ በጀርባውም ይሁን እየተፍጨረጨረ፣ ደርሶ ከተመለሰ እኔ በሬጅስትራር ቢሮ ከስሙ ትይዩ ምልክት አደርጋለሁ። አብዛኛው ተማሪ ፈተናውን በመጀመሪያው ዓመት ይገላገለዋል። ባለፈው ሴፕቴምበር ሦስት ቀን ጠዋት፣ ከተመራቂዎቹ መካከል ምልክት የሌላቸው ሠላሳ አንድ ነበሩ።

በማግስቱ የገንዳው ውኃ አራት ኢንች ጎድሎ ተገኘ። ወለሉ ተሰንጥቋል። ውኃው ተለቀቀ፣ በሩ ተቆለፈ፣ ደንቡ ግን እንዳለ ቀረ።

የምረቃ ግዴታ የሚሰረዘው በመምህራን ጉባኤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ጉባኤው በጉዳዩ ላይ ሦስት ረቡዕ ተነጋገረ። የስፖርት መምህሩ፣ ተማሪዎቹን አርባ ማይል ርቆ ወደሚገኘው የሕዝብ መዋኛ በአውቶቡስ እንውሰዳቸው አለ። ሐሳቡ ከተግባር በቀር ምንም የለውም ተብሎ ወደቀ። ከዚያ የፍልስፍናው ፕሮፌሰር ሮልፍ ሄልም ተነሥተው፣ መቶ ዓመት ሙሉ ስንለካ የኖርነው የክንድ እንቅስቃሴን ነው ወይስ ሰው ከውኃ ጋር ያለውን ግንኙነት ሲሉ ጠየቁ። በመጨረሻም ለዚህ ዓመት ብቻ ምልክት የሌላቸው ተማሪዎች ስለ ውኃ ስምንት ገጽ ጽሑፍ፣ ቢያንስ ከአምስት ምንጭ ጋር፣ እንዲያቀርቡ ተወሰነ። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ሄልም ሆኑ።

ከሠላሳ አንዱ አንዷ ሬቫ ታንስታድ ናት፤ የባዮሎጂ ተማሪ። አራት ክረምት በትውልድ መንደሯ ሐይቅ ዳር የዋናተኞች ጠባቂ ሆና ሠርታለች፤ ሁለት ሕፃናትም ከውኃ አውጥታለች። ፈተናውን እስከ መጨረሻው ዓመት ያሳደረችው ከቁርስ በፊት ልትጨርሰው የምትችለው ነገር ስለሆነ ነው። የአውራጃዋ አስተዳደር የልጆች ዋና ትምህርት ኃላፊ አድርጎ ቀጥሯታል። ደብዳቤው ግን ሥራው የሚጀመረው ጁን ሁለት መሆኑን፣ በዚያ ቀን ዲግሪ ካልያዘች ቦታው ለተከታዩ አመልካች እንደሚሰጥ ይናገራል።

የመጀመሪያ ጽሑፏ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ፊትን ውኃ ውስጥ መክተት፣ ትንፋሽን በአፍንጫ ማስወጣት፣ እግርን ከዳሌ ማንቀሳቀስ፤ የጻፈችው ይህንኑ ነው። ኮሚቴው «ግልጽ ነው። ነገር ግን ውኃው ርጥብ ከመሆን ያለፈ ሚና የለውም» ብሎ መለሰላት።

ጓደኛዋ ላኒ ዲትሜር ውኃ ይፈራል። ለአራት ዓመት በየሴሚስተሩ መጨረሻ ፎጣ ይዞ ወደ ገንዳው ይሄድና ዳር ቆሞ ቆሞ ፎጣው ሳይርስ ይመለስ ነበር። ስለዚሁ መቆም አሥራ አራት ገጽ ጽፎ ኤ አገኘ። ምሳ የምበላው ከተማሪዎቹ ጋር ስለሆነ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።

«አንተ እኮ ገላህን ስትታጠብ እንኳ በሩን ከፍተህ ነው» አለችው።

«ለዚህ ነዋ የምጽፈው ያላጣሁት። አንቺ ከውኃ ጋር ተስማምተሻል። የተስማማ ሰው ምን ይጽፋል?»

«ነገ ውኃ ውስጥ ብትሰጥም የማወጣህ እኔ ነኝ።»

«እሱን ጻፊው። ግን ስታወጪኝ አይደለም፤ ላውጣው ወይስ ልተወው ብለሽ ስታመነቺ።»

ሁለተኛው ጽሑፏ ካወጣቻቸው ሕፃናት ስለ አንዱ ነበር። ሳታመነታ እንዳወጣችው ጻፈች። ኮሚቴው ልብ የሚነካ ነው አለ፤ ምንጮቹ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንዱም የጠባቂዎች መመሪያ ነው። ወደቀች። ቀኑ ኤፕሪል ሃያ አንድ ነበር።

በማግስቱ ቢሮዬ መጣች። አላለቀሰችም። የአውራጃውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሌላ ምን መንገድ እንዳለ ጠየቀችኝ። ደንቡን አወጣሁና ገጽ ሰባ አራትን አሳየኋት፤ ሁለት ጊዜ የወደቀ ተመራቂ ራሱ በመረጠው ቦታ ኮሚቴው ፊት የቃል ፈተና መጠየቅ ይችላል። አንቀጹ የገባው ለቴአትር ተማሪዎች ነበር፤ መድረክ ላይ እንዲፈተኑ። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ከግቢው በስተጀርባ ያለውን ሐይቅ በቅጹ ላይ ሞላች።

ሜይ ስድስት ከዳሩ ወደ ሐይቁ በተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ላይ ተሰበሰብን። በረዶው ከሐይቁ ላይ ከለቀቀ አሥራ ሰባት ቀኑ ነው። ቴርሞሜትሬን ነከርኩ፤ አርባ ስምንት ዲግሪ ፋራናይት። ሦስቱም መምህራን ካፖርት ለብሰዋል፤ ሬቫ የዋና ልብስ ብቻ።

«ደንቡ የሚለው በቃል ነው» አሉ ሄልም።

«አፌም አብሮኝ ይገባል፣ ፕሮፌሰር» አለችና ዘለለች።

ከድልድዩ ሐይቁ ውስጥ እስከታሰረው ተንሳፋፊ መድረክ ስልሳ ያርድ ነው። ደርሳ ለመመለስ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሰኮንድ ፈጀባት። ልትወጣ እጇን ስትዘረጋ ሄልም ማስታወሻቸውን ገልጠው ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሙ።

«መዋኘትሽን ማንም አልተጠራጠረም» አሉ። «ጥያቄው ከውኃ ጋር ያለሽ ግንኙነት ምንድን ነው የሚለው ነው።»

«ይቀዘቅዛል» አለች ሬቫ ከታች።

«ትንሽ አስፊው።»

«በጣም ይቀዘቅዛል።»

ከኮሚቴው አባላት አንዷ የሆነችው የኬሚስትሪ መምህርት እባክዎ ልጅቷ ትውጣ አለቻቸው። ሄልም አንድ ጥያቄ ብቻ እንደቀራቸው ገልጸው፣ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሽ አሏት።

ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። «እዚህ ውስጥ ያለ ሰው ረጅም ዓረፍተ ነገር እንደማይናገር» አለች።

ኮሚቴው የሄልም መኪና ውስጥ ገብቶ ማሞቂያውን ከፍቶ አርባ ደቂቃ ተከራከረ። እሷ የእኔን ካፖርት ደርባ ውጭ ጠበቀች፤ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር። ሲወጡ ውጤቱን በጽሑፍ ሰጡኝ፤ ሲ ማይነስ። ከሥሩ «አቀራረቡ ጠንካራ፤ ምንጭ አልተጠቀሰም» ይላል። ማለፊያው ሲ ማይነስ ነው። እዚያው ቆሜ ከስሟ ትይዩ ምልክት አደረግሁ።

ጁን ሁለት ቀን ሥራ ጀምራለች። የዓመቱን መዝገብ ስዘጋ ሠላሳ አንዱም የዋና ግዴታቸውን አሟልተው አልፈዋል፤ ውኃ ውስጥ የገባችው አንድ ናት፣ ከሠላሳ አንዱ ዝቅተኛው ውጤትም የእሷ ነው።