ሐምሌ አስራ ዘጠኝ የማን ቀን ነው?

ልጄ ሲምረት ካዛንቺስ አንድ ኤፍ ኤም ሬድዮ ጣቢያ ትሠራለች። ሥራዋ ጠዋት ጠዋት ስለ ዕለቱ ማውራት ነው። ዛሬ የትኛው ታዋቂ ሰው ተወለደ፣ የት አገር ምን ሆነ፣ ዕለቱ የምን ቀን ነው፣ ይሄንን ከኢንተርኔት እያወጣች ታነባለች። አንድ ቀን የካልሲ ቀን ነው አለች። እግዚኦ! ሰው ካልሲ ያከብራል?

ቢሆንም እሰማታለሁ። ከቂርቆስ ቅዳሴ ስመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ ትንሿን ሬድዮ ይዤ ፋጤ ቤት እገባለሁ። ፋጤ በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት፤ ወሎዬ ናት፤ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ አንድ ግቢ ነን። አምና እግሯ እምቢ ካላት ወዲህ ከአልጋ አትወርድም።

ሐምሌ አስራ ዘጠኝ ሊደርስ ሲል ሲምረትን ለመንኳት።

«የፋጤን ነገር በዚያ ቀን ተናገሪላት። በሕይወት እያለች በጆሮዋ ትስማው።»

«አደይ፣ ፕሮግራሙ እኮ ስለ ታዋቂ ሰው ነው» አለችኝ። እኛ ቤት እናት አደይ ነው የምትባለው። «አለቃዬ ቸሩ አይፈቅድም። በቃ፣ ፎርማቱ እንደዛ ነው።»

«ፋጤን ማን የማያውቃት አለ?»

«ቂርቆስ ነዋ የሚያውቃት!»

«እነዚያ የምታወሪላቸው ፈረንጆችስ፣ ቂርቆስ ማን ያውቃቸዋል?»

ሳቀች፤ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ነገሩ የሆነው በሰማንያ ዓመተ ምህረት ነው። ሐምሌ አስራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት፣ ሁለቱን ልጆቼን ለፋጤ ትቼ ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ። ያ ዝናብ መጣ። ከግቢያችን በታች ያለው ወንዝ ሞልቶ ቤታችን ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ላይ ሲሮጥ ፋጤ ወደ ታች ሮጠች። ሕፃኑን ልጄን ፍሰሃን አዝላ፣ የሲምረትን ቀሚስ በጥርሷ ነክሳ፣ በእጇ አጥሩን እየያዘች አወጣቻቸው። እኔ ስደርስ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ልጆቼ ጭቃ ለብሰው ያለቅሳሉ። ሲምረት ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው።

ገብርኤል አወጣቸው ይሉኛል የማኅበራችን ሴቶች። አዎ፣ ገብርኤል ነው። በማን እጅ እንዳወጣቸው ግን ሲነገር አይወዱም። እኔ እናገራለሁ። መልአኩም የሚከፋው አይመስለኝም።

ቀኑ ደረሰ። ከቅዳሴ መጣሁ፣ ሬድዮውን ፋጤ ራስጌ አስቀምጬ ከፈትኩ።

«እንደምን አደራችሁ! ዛሬ ጁላይ ሃያ ስድስት ነው» ትላለች ልጄ። «ላይቤሪያ ነጻነቷን ያወጀችበት ዕለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ የአክስትና የአጎት ቀን ይከበራል!»

ፋጤ ሳቀች። «አሜሪካኖች ለአክስትም ቀን አላቸው?»

ደሜ ፈላ። ፋጤን አክስቴ እያለች ያደገች ልጅ! አክስቷ እዚህ ተኝታ፣ የአሜሪካን አክስት ታከብራለች!

ሲምረት ቀጠለች። «የዛሬው ጥያቄያችን። ዛሬ ልደቱን የሚያከብረው እንግሊዛዊ የሮክ ዘፋኝ ማነው? ደውሎ ለመለሰ ባምቢስ አካባቢ ካለ ቡቲክ ቲሸርት ይሸለማል!»

ሞባይሌን ከመቀነቴ ፈታሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ፋጤ።

«ልመልስ ነዋ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷን ከእንጀራዋ እንዳታፈናቅያት! ወላሂ ተዪ!»

አልተውኩም። ስልክና ሬድዮ አንድ ቤት ሲሆኑ ይጮሃል፤ ሬድዮውን ብቀንሰው ደግሞ ፋጤ አትሰማም። ስለዚህ ወጥቼ ዝናቡን በነጠላዬ ተከልዬ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆምኩ። ደጋግሜ ደወልኩ። ገባ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«መድኃኒት እባላለሁ፣ ከቂርቆስ።»

በድምፄ አወቀችኝ።

«እ… ወይዘሮ መድኃኒት፣ መልሱን ያውቁታል?»

«ፋጤ ናት።»

«ማለቴ… ጥያቄው ስለ ዘፋኝ ነበር።»

«ዘፋኙን ሌላ ሰው ይመልሰው። እኔ የማውቀውን ልናገር። በዛሬዋ ዕለት በሰማንያ ዓመተ ምህረት ቂርቆስ ጎርፍ ገባ። ፋጤ የምትባል ሴት የሰው ልጆች አዝላ ከውሃ አወጣች። የራሷ አይደሉም። የእኔ ናቸው። እሷ ካልታወቀች ማን ይታወቅ?»

ከኋላዋ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። «ሲምረት፣ ቁረጪው!»

«ቁረጪኝ» አልኳት። «ነገ እደውላለሁ። ከነገ ወዲያም እደውላለሁ። ስልኩን ነቅላችሁ ካልጣላችሁት አልተዋችሁም።»

ዝናቡ ብቻ ይሰማኛል። ተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አልተቆረጠም።

«አደይ» አለች ልጄ። «ቀሚሴን በጥርሷ መያዟን አልተናገርሽም።»

ከዚያ በኋላ እኔ አይደለሁም የተናገርኩት፣ እሷ ናት። አጥሩን ሳይቀር ተናገረች። ሲያበቃ ዘፈን ገባ።

ወደ ቤት ስገባ ፋጤ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላ በቁጣ ጠበቀችኝ።

«ቀኑን ተሳስተሻል!»

«የምን ስህተት? ገብርኤል ነው፣ ቅዳሴ ነበርኩ!»

«የአረፋ ሦስተኛ ቀን ነበር! አረፋ ባይሆን እኔ ገበያ ነበርኩ። ልጆችሽን ማን ያወጣልሽ ነበር? በየዓመቱ በአረፋ ሦስተኛ ቀን ነው አላህን የማመሰግነው። የእኔ ቀን ዛሬ አይደለም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ እኔ በሐምሌ ስለት ሳስገባ፣ እሷ በአረፋ ስታመሰግን፣ ግድግዳው መሃላችን ሆኖ አንዳችን ለአንዳችን አልነገርንም።

ስልኬ ጮኸ። ሲምረት ናት።

«ቸሩ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ሁለተኛ የሰፈር ወሬ ከገባ ትባረሪያለሽ አለኝ።»

«አረፋ መቼ ነው?» አልኳት።

«ጥቅምት መጨረሻ መሰለኝ። ምነው?»

«የፋጤ ቀን ያኔ ነው፣ ሦስተኛው ቀን። ለቸሩ ንገሪው፣ እደውላለሁ።»

«አትድከሚ አደይ። እኔው ራሴ እናገረዋለሁ።»

«ቢያባርርሽስ?»

«ያባርረኛ!»

ፋጤ እጇን ዘርግታ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ስሚ ልጄ፣ ያኔ ስትጠሪኝ ከነአባቴ ጥሪኝ። ፋጤ ኢሳ በዪ። ፋጤ እንደሆነ በየቤቱ ሞልቷል።»