የሜሬዲት ማስታወሻ ደብተር

በስሟ ብቻ የምንጠራት የሶሲዮሎጂ መምህራችን ብሪጅት፣ በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ስለ ስውር ጥናት አስተማረችን። አጥኚው ማንነቱን ደብቆ ከሚያጠናቸው ሰዎች ጋር ይቀላቀላል፤ አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ይስቃል፣ ቤቱ ሲገባ ያየውን ይጽፋል። እኛ፣ የእንግሊዟ የሮችዴል ከተማ ኮሌጅ ልጆች፣ ይህን ያጠናነው ለፈተና ብቻ ነበር፤ ሜሬዲት እስክትመጣ ድረስ።

ዘግይታ ተመዘገበች። ከእኛ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጆቹ በዕድሜ ትበልጣለች። ሁላችንም አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለውን መታወቂያ እሷ ሹራቧ ውስጥ ትከተዋለች፤ ገመዱ የተማሪ ሰማያዊ ይሁን የሠራተኛ አረንጓዴ፣ ያየ የለም። ምሳ ሰዓት ከእኔና ከጓደኛዬ ከዋሲም ጋር መስኮቱ ጥግ ትቀመጥና ጭኗ ላይ በዘረጋችው ትንሽ ደብተር ትጽፋለች።

"ጆዲ፣ ሙቺ ስልሽ፣ ይቺ ልጅ እያጠናችን ነው" አለኝ ዋሲም። "ቺፕሱ ላይ ኮምጣጤ ማብዛቴን ሁሉ ጽፋዋለች።"

"ስላንተ ማን ወረቀት ያባክናል?"

"ሳቂ አንቺ! መጽሐፍ ላይ ስትወጪ እንተያያለን።"

ሳቅሁ፤ የምፈራው ግን መጽሐፍ አልነበረም። እናቴ ከሰኔ ጀምሮ ከመኝታ ክፍሏ አትወጣም። የስምንት ዓመት እኅቴን ጄማን አልብሼና አብልቼ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ካወቀ፣ አሳዳጊ የላትም ብሎ ይወስዳታል በሚል ስጋት ለዋሲም እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ሜሬዲት ደግሞ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ "ጠዋት ጠዋት ለምንድን ነው የምታረፍጂው?" ስትል ጠየቀችኝ።

"ዋና እሄዳለሁ" አልኳት። ወዲያው ጻፈችው።

ዋሲም አጥኚዋን ለማሳሳት ቆርጦ ተነሣ። "እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሕግ አለ" አላት ፊቱን ኮስተር አድርጎ። "በልቶ መጨረሻ የጨረሰ የሁላችንንም ትሪ ይመልሳል።"

ያንንም ጻፈች። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቀስ እያለች ትበላና ሦስቱንም ትሪ ትመልሳለች። ዋሲም በሳቅ ሊሞት ደረሰ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። አጥኚ እንዲህ ይታዘዛል? ወይስ መታዘዙም የጥናቱ አካል ነው?

ዓርብ ዋሲም ሳይመጣ ቀረ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ "ምንድን ነው የምትጽፊው?" አልኳት።

አልደነገጠችም። ደብተሩን ልትሰጠኝ ስትንጠራራ መታወቂያዋ ከሹራቧ ወጣ። ገመዱ ሰማያዊ ነበር።

"አባቴን ሳስታምም ሦስት ዓመት ቤት ዋልኩ" አለች። "ከሰው ጋር ማውራት ጠፋብኝ። እየጻፍኩ ነው የምለማመደው።"

ገጹን ገለጥኩ። "ዋሲም ሲቀልድ ፊቱን ያኮሳትራል። የትሪው ሕግ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም ልመልሰው፣ አብሮ ለመቀመጥ ጥሩ ሰበብ ነው።" ከሥሩ ደግሞ፦ "ጆዲ ዋና እሄዳለሁ ትላለች። ፀጉሯ ግን አንድም ቀን እርጥብ ሆኖ አያውቅም።"

ብዙ ጊዜ ያጠናኋት እኔ ነበርኩ፤ ያየችኝ ግን እሷ ናት።

"ዋና አልችልም" አልኳት። "እኅቴን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ።"

"እናትሽስ?" አለች ዝግ ብላ።

ይህን ጓደኛም ይጠይቀዋል፤ ከማዘጋጃ ቤት የተላከ ሰውም ይጠይቀዋል። እጄን ዘረጋሁላት።

"መጀመሪያ እስክሪብቶሽን ስጪኝ፤ ይሄ አይጻፍም።"