ዓምና አሳምሬ የጻፍኩት ፎርም

አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመምህራን ዝውውር ማመልከቻ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ፎርሙ ላይ ያለችው ሳጥን ግን አልከፈትም ብላለች። ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የጽሕፈት ሱቅ ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን ኮምፒውተር ደሜን አፍልቶት አያውቅም።

መምህር ግዛቸው ከጀርባዬ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። የሚያስተምሩት የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ገጠር ነው፤ ሚስታቸውና የሦስት ዓመት ልጃቸው እዚሁ ሐዋሳ ናቸው። ሳጥኗ ስትነካ የቦታዎች ዝርዝር ይወርዳል፣ ከዚያ ውስጥ «ሐዋሳ» ይመረጣል። ብነካት ብነካት ዝም።

«ዓምና እኮ ወዲያው ነበር የጨረስሽልኝ» አሉኝ።

«እስቲ ይቀመጡ መምህር፤ ሲቆሙብኝ እሳሳታለሁ።»

ዎርድ ከላይ ያወጣትን ቢጫ የማስጠንቀቂያ መስመር ነክቼ ፋይሉ እንዲታረም ፈቀድኩ፤ እምቢ። ፋይሉ ከኢንተርኔት ስለመጣ ታግዶ ይሆናል ብዬ እገዳውን አነሳሁ፤ አሁንም እምቢ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኼኛው ወረቀት እንኳ ሳይሆን ባሰ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። እስኪነሳ መምህር ሦስቴ ወጥተው ገቡ።

በመጨረሻ የዎርድን የደህንነት ማስተካከያ ከፈትኩ። ሰነድ ውስጥ የሚገቡ ቁልፎችና ዝርዝሮች በሙሉ፣ ሳይጠየቅ ይታገዱ ይላል። ማን ነው ያገደው ብዬ ልሳደብ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔው ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት የአንድ ደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ አምጥቶ ፋይሎቼን ሲበላብኝ፣ በንዴት ሁሉንም ዘግቼ ረስቼዋለሁ።

«እየጠየቀ ይክፈት» የሚለውን መረጥኩ፣ ዎርድን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ሲጠይቀኝ ፈቀድኩ። ዝርዝሩ ወረደ። ሐዋሳን መርጠን ላክን። ለአስራ አንድ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው መልስ መጣ፦ «ማመልከቻዎ ደርሷል፤ ከዝርዝሩ የመረጡት ቦታ ሐዋሳ።»

መምህር «ተመስገን» ብለው ተቀመጡ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ዓምና እንዲህ ያለ መልስ አልመጣልንም። ዓምናም ሳጥኗ አልተከፈተችም ነበር። እኛ ጸሐፊዎች ፎርም እምቢ ሲለን እንደ አዲስ እንጽፈዋለን፤ እኔም ሳጥኗን በመስመር ሠርቼ፣ ውስጧ «ሐዋሳ» ብዬ በደማቁ ጽፌ፣ ከዋናው አሳምሬ ልኬዋለሁ። ወዲያው የጨረስኩት ለዚያ ነው። የሚቀበለው ደግሞ ሰው አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው፤ ከሳጥኗ የተመረጠውን እንጂ የኔን ቁንጅና አያነብም። የመምህር ስም ዓምና ከአመልካቾቹ ዝርዝር ላይ እንኳ አልወጣም። «ዕድሌ ነው» ብለው ወደ ገጠሩ ተመልሰው ሄዱ።

አፈርኩ፤ ግን ነገርኳቸው። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ ስድብ በቀለለኝ።

ስክሪኑን እያዩ «ባለፈው ቅዳሜ ከገጠር ስመጣ በሩን የከፈተችልኝ ልጄ ናት» አሉ። «አየችኝና ወደ ውስጥ ተጣራች። ‹ማሚ፣ ሰውዬው መጣ› አለች።»